አባትየው እስኪመጣ

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ቦታው ፉሪ፣ እኛ ቤት። ዕለቱ ዛሬ ማክሰኞ። ሰዓቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል። እንዲያውም ገና አላለቀም…

ኮሜንት ላይ «ቅዠት ነው»፣ «ሐኪም ጋ ሂጂ» የምትሉትን ከወዲሁ አውቃችኋለሁ። ከእናንተ አንዱን አግብቼ አስራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ።

ባሌ ደምሰው ለመስሪያ ቤት ሠራተኞች ስልጠና ይሰጣል። «የአስተሳሰብ ስህተቶች» ይለዋል። ሰው እንዴት ራሱን እንደሚያታልል በፕሮጀክተር እያሳየ ያስረዳል። ምሳሌው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። «ባለቤቴ ስልክ ካላነሳሁ ሞቷል ብላ ታለቅሳለች» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ክለቡ ሲጫወት ያቺን ቀዳዳ ካልሲ ካላደረገ እንደሚሸነፍ የሚያምነው ግን ራሱ ደምሰው ነው። እሷን በፕሮጀክተር አያሳይም።

አዎ፣ እኔ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። አልክድም። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። ሲና… አስራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው የጀመረው።

የወጥ ቤታችን መስኮት ከአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ ያያል። ከፊት ለፊት ያላለቀ ሕንፃ አለ፤ በሩ ላይ ብሎኬት ተከምሯል።

ብሎኬቱ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። የቅርብ ሰው ሁሉ ካልተሟላ አይገቡም። ለቆመ ሰው ደግሞ አይነግሩም… እንዳይወድቅ መጀመሪያ ያስቀምጡታል።

«ለማን ይሆን?» ብዬ ደረቴን ያዝኩ።

ከዚያ ጫማቸውን አየሁ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ጫማቸው ላይ ግን ጠብታ ጭቃ የለም።

የጎረቤቴ የእትዬ ተናኘ ውሻ ቅጠል ሲወድቅ እንኳ የሚጮህ ነው። አሁን ግን ሦስቱ ሰዎች እግር ስር ተኝቷል።

ደምሰውን ቀሰቀስኩት።

«ደጅ ሰዎች አሉ። መርዶ ይዘው ነው የመጡት።»

ዓይኑን አልገለጠም። «የመርዶ ሚኒስትሯ ቅዳሜም አታርፍም?»

ተመልሼ ሳይ የሉም።

እሁድ አምስት ሆኑ።

አንደኛው ወንድሜ ሙሉሰው ነው። መካኒሳ አቦ ነው የሚኖረው። እጁን ጉልበቶቹ መሃል ከቶ አቀርቅሯል። ደወልኩለት።

«አረጋሽ? በዚህ ሰዓት?… አልጋዬ ላይ ነኛ!»

በመስኮቱ የማየው ሙሉሰው ስልክ አልያዘም። አልተነቃነቀም።

ደምሰው ሳቀ። «ያየሽው የእሱን የሚመስል ጃኬት ነው። ፊቱን አእምሮሽ ሞላው። ሰው የፈራውን ነው የሚያየው፤ ይሄን እኮ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው የማስተምረው!»

«መጥተህ እይ ታዲያ።»

«ለሌለ ነገር ከአልጋ አልወርድም።»

የማያይ ሰው እንዴት እርግጠኛ እንደሚሆን አያችሁልኝ?

ሰኞ እትዬ ተናኘም መሃላቸው ነበሩ። እኚህ ሴትዮ ዳቦ እንኳ ሲቆርሱ ይስቃሉ። አሁን ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነው።

መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈትኩት።

«ሁሉም መጣ?» አለ አንዱ፣ በሹክሹክታ።

«አንድ ይቀራል።»

«ማን?»

«አባትየው።»

«እንግዲህ እሱ ሲመጣ እንነግራታለን…»

መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት። አባትየው ተጠብቆ ለእናት የሚነገር መርዶ የማን እንደሆነ ለማወቅ ስልጠና አያስፈልግም።

ደምሰው እነሱ ጋ ካልተቀመጠ ግን አይነገርም። ካልተነገረ ደግሞ ሲናዬ አለች። በቃ። ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

ማታ የሰማሁትን ነግሬ ለመንኩት። «ነገ ጠዋት ከግቢ እንዳትወጣ። እግርህ ላይ ልውደቅ።»

«ታዲያ መልካም!» ብሎ እጁን አሻሸ፤ ሰልጣኝ ያገኘ ነው የመሰለው። «እምነት ማለት የሚፈተን ነገር ነው። ነገ ወጥቼ ብሎኬቱ ላይ እቀመጣለሁ። ምንም አይሆንም። አንቺም ዕድሜ ልክሽን ዝም ትያለሽ።»

«ሌላ ነገር ፈትን! በልጄ አይደለም!»

«ልጅሽን መያዣ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አለ።

የበሩን ቁልፍ ጡት መያዣዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ዛሬ አስራ አንድ ተኩል ላይ ደምሰው ትርፍ ቁልፍ እያንቃጨለ ሳሎን መጣ። ትርፍ እንዳለው አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

ሲና ከነሻሽዋ ወጣች። «እማ ደሞ ጀመራት?»

«ተመለሺ፣ ተኚ!»

«ፊቴን ልታጠብ ነው።» ዓይኗን ገልብጣ መታጠቢያ ቤት ገባች። እንደ አባቷ ነው የምትንቀኝ። ትናቀኝ… ብቻ ትኑር።

«ቧንቧው ደረቅ ነው፣ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው!» አልኳት። ጄሪካኑም ባዶ ነበር።

ስዞር ደምሰው ገፋ አድርጎኝ በሩን ከፍቷል። ነጠላዬን ከወንበር አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ለቅሶ እንዲሁ አይኬድም» ብሎ ጠቀሰኝ።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

መንገዱ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ። ወደ እኔ ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ። «ማንም የለም!»

ሁሉም ብሎኬቱ ላይ ነበሩ።

ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ደሜ፣ አትቀመጥ!» ብዬ ጮህኩ።

ተቀመጠ። ልክ በለቀቁለት ቦታ። እግሩን አነባብሮ እንደ ልጅ እጁን አውለበለበልኝ።

ሙሉሰው ወደ ጆሮው ዘንበል አለ።

የደምሰው እጅ አየር ላይ ቀረ…

ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ።

በሩ ተከፍቶ ነበር። ደምሰው ሲገባ ነጠላው ተዘቅዝቋል። ከኋላው ተከታትለው ገቡ፤ ሳሎኑ ሞላ፤ የአንድም ሰው ኮቴ አልተሰማም።

ደምሰው ወንበር ሳበልኝ።

«አረግዬ…» አለኝ። «ቁጭ በይ እስኪ።»

አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲናገረኝ ድምፁ ውስጥ ንቀት ያልነበረበት ቀን አላስታውስም። አሁን የለም። ጨርሶ የለም። የገደለኝ ይሄ ነው።

አልተቀመጥኩም።

የመታጠቢያ ቤቱን በር በጀርባዬ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

«ከምትጽፊ ሰው ጥሪ» ትሉኛላችሁ፣ አዋቂዎቼ። ሙሉሰው ጋ ደወልኩ። ስልኩ የጮኸው እዚሁ፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ማንም አልተነቃነቀም። ደምሰው ወንበሩን እንደያዘ ነው።

«ቁጭ በይ፣ የኔ እመቤት።»

«ሲና!» እላለሁ።

«መጣሁ እማ» ትለኛለች ከውስጥ።

«ሲናዬ!»

«መጣሁ እማ።»

በዚያው ድምፅ። በዚያው ልክ።

ከኋላዬ ቧንቧው በኃይል ሲፈስ ይሰማኛል። ውሃው በበሩ ስር ወጥቶ እግሬን አርሶታል…

ዛሬ ማክሰኞ ነው።