ያልቆመው መኪና

ከልደታ የተነሱት በጠዋት ነው። ነጅማ ግን ገና ሜክሲኮን ሳይሻገሩ ደክሟታል። በእንቅልፍ የሚለቅ ድካም አልነበረም፤ ተኩስ በተሰማበት ሁሉ ማይክ ይዛ ስትሮጥ የኖረች ጋዜጠኛ ድካም ነው። አሁን ደግሞ የምትሮጠው ለዜና አይደለም። የቴሌቪዥን ጣቢያቸው ካሜራማን ፍሬሰላም፣ ከግጭት የሸሹ ሰዎችን ሊቀርጽ ብቻውን እየነዳ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። በየማታው እደውላለሁ ብሎ ነበር።

«ትንሽ ብንጠብቅስ?» ብለዋት ነበር አለቃዋ አቶ ገብረዋህድ።

«እርስዎ ይጠብቁ፤ እኔ ላምጣው» አለችና ጥይት መከላከያ ሰደርያዋን መኪናው ላይ ወረወረች።

ሹፌሩ በከር መሪውን ይዞ ያጉረመርማል። «ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወልጄ፣ ጠመንጃ የያዘ ፍለጋ ልውረድ!»

የጣቢያውን ጋዜጠኞች ወደ ግጭት ቦታ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ደህንነታቸው የምታሠለጥነው ራሷ ነጅማ ናት። ትምህርቷ አጭር ነው፤ መንገድ ላይ እጁን ላነሳ ሁሉ አትቁሙ፣ ከየት መጣችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ ላለ አትመልሱ። ዝም አይነቅዝም። ይህን ሕግ በዋዛ አላወጣችውም፤ ቆማ ተዘርፋለች፣ ተናግራ ተከድታለች።

ቆላው ላይ ሲደርሱ ንፋስ ተነሳ። አሸዋውን ከመሬት እየገፈፈ መስታወቱ ላይ ይደፋው ጀመር። ፀሐይዋ ጠፋች፣ መንገዱም ጠፋ። በከር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ዓይኑን እያሸ፣ በግምት ይነዳል። ከአቧራው መሃል ግመል የሚጎትቱ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉና እጃቸውን አነሱ።

«ላቁም?»

«ንዳ!»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው በዓይናቸው ሲሸኟቸው በመስታወት አየች። ደስ አላላትም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

ንፋሱ ሲበርድ ወንዝ ጠበቃቸው። ደጋ ላይ የዘነበው ደፍርሶ ወርዷል። በከር «ቢስሚላህ» ብሎ ገባበት፤ መሃል ሲደርሱ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠና መኪናዋ ቀጥ አለች። ነጅማ መሪውን ያዘች፣ በከር ወርዶ ከኋላ መግፋት ጀመረ። ውሃው ወገቡ ድረስ ነው። በዚያ መሃል፣ ነጅማ ግንድ ነው ብላ የናቀችው ነገር ከዳር ተንሸራቶ ውሃ ገባ።

«በከር፣ አዞ! ውጣ!»

«እርገጪው!»

ባለ በሌለ ጉልበቷ ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዋ አጓራች፣ ጭቃውን ተፋች፣ ዘለለች። በከር ከኋላ የታሰረውን ትርፍ ጎማ አቅፎ እየተጎተተ ዳር ወጣ። አንዱን ጫማ ለአዞው ትቶለታል።

«አዲስ ነበር እኮ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ልብሳቸው ሳይደርቅ ጥይት ጮኸ። የፊት ጎማቸው ፈነዳ። ከግራሮቹ ሥር መሣሪያ የደገኑ ሰዎች ወጡ። ነጅማ እጇን አንስታ ወረደች፤ ሁሉም ሰደርያዋ ላይ አፈጠጡ።

«ወታደር ነሽ?» አላት መሪያቸው። አማርኛውን ከጅቡቲ መስመር ሹፌሮች የለቀመው ይመስላል።

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ጋዜጠኛ!» ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «ሽማግሌ ዜና ቢጠይቅሽ ጥለሽው ሄድሽ። እናንተ ወንዙ ውስጥ ስትንፏቀቁ ወሬያችሁ በአቋራጭ ደረሰን። ዳጉ የማይሰጥ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ጠላት።»

ነጅማ አፈረች። ዳጉን ታውቀዋለች። አፋር ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነግራል፣ በተራው ይሰማል። ስለዚህ ልማድ ፕሮግራም ሠርታ በቴሌቪዥን አሞግሳዋለች። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ረሳችው።

ሰደርያዋን ፈታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ በከር በሹክሹክታ።

አፈሙዝ ወደ ደረቷ ዞሮ እያለ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። ከየት እንደተነሳች፣ የት ሣር እንዳየች፣ ወንዙ ምን ያህል እንደሞላ፣ በየትኛው መንደር ሰው እየሸሸ እንደሆነ፣ ማንን እንደምትፈልግ፣ ምንም ሳታስቀር ተናገረች። መሪው ቀስ ብሎ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ተራው የእሱ ሆነ።

«ሌላም መኪና እንዲሁ አልቆመም» አለ። «ተኮስንበት፣ ተገለበጠ። ሰውየው አልሞተም፤ እህቴ ቤት ነው። ለማን እንንገርለት? ስሙን እንኳ አልነግርም አለ።»

ጎማ ቀይረው፣ የታጣቂዎቹን መሪ አሳፍረው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ፍሬሰላም ከሰሌን በተሠራ ጎጆ ውስጥ እግሩ በእንጨት ታስሮ ተጋድሟል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«አልቆምኩም ነጅዬ! ስንቱ እጁን አነሳ መሰለሽ፤ እንዳልሽው አንዱም ጋ አልቆምኩም። ስሜንም አልተናገርኩም።»

ጎበዝ እንድትለው ነበር የፈለገው። ነጅማ እንባዋ ቀደማት።

«ቆመህ አውርተህ ቢሆን በሰላም ታልፍ ነበር። እኔ ነኝ የሰበርኩህ፣ ፍሬ።»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

«ሰሚራስ?» አላት እሱ ግን።

ነጅማ ክው አለች። ሰሚራም እሷው ያሠለጠነቻት ሪፖርተር ናት፤ በዚሁ ሳምንት በዚሁ መንገድ ልትወርድ ተመድባለች። ምናልባትም ተነስታለች። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ከጎጆው ወጣች። መሪው ደጅ ላይ ውሃ ይጠጣ ነበር።

«ሌላ ዜና አለኝ» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ነጭ መኪና ይመጣል። ሰሚራ የምትባል ልጅ አለችበት። እጅ ብታነሱ አትቆምም። ክፋት የላትም፤ አትቁሚ ያልኳት እኔ ነኝ። አትተኩሱባት።»

ሰውየው ጣሳውን አስቀመጠ። ጠመንጃውን ለእህቱ ሰጣት፣ ዱላውን አነሳ፣ ዳጉውን ሊያደርስ በመጡበት መንገድ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።