ያለ ማሽን የማይተኛው ማሙሽ

እስኪ ንገሩኝ፦ ጥርስ እንኳ በቅጡ ላላበቀለ ሕፃን ይህ ሁሉ ሻንጣ ምን ያደርግለታል? ሚኒስትር ሲጓዝ እንኳ ይህን ያህል ጓዝ አያስጭንም! ተማሪዋ ሽቦ ግን ምን ታድርግ፤ ከታላቅ እህቷ ጋር ወደ ሌላ ከተማ እንድትሄድ የተፈቀደላት ተሸካሚ ለመሆን ስለተስማማች ብቻ ነው። እህቷ አብረዋት የተማሩ ጓደኞቿን ልትጠይቅና ልጇን ማሙሽን ልታሳያቸው ነው። ከወለደች ወዲህ ከቤት ርቃ ስትሄድ የመጀመሪያዋ በመሆኑ ሳምንቱን ሙሉ ስታንጎራጉር ከርማለች።

አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ማሙሽ ለቅሶውን አቀለጠው።

ወዲያው መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ርቦት ነው» አለች አንዷ። «ጠግቦ ነው እንጂ!» አለች ጎረቤቷ። «ሞቆታል፤ ኮፍያውን አውልቂለት።» «በርዶታል፤ ሌላ ኮፍያ ደርቢለት!» እህቷ የሁሉንም ምክር በየተራ ፈጸመች። ኮፍያው ሲወልቅና ሲጠለቅ ማሙሽ ይብስ ተናደደ። እውነቱን ነው!

«ሽቦ፣ ማሽኑን አቀብይኝ!»

የማሙሽ አባት ፀጉር አስተካካይ ነው። ልጁ ፀጉር ቤት ውስጥ ስላደገ የፀጉር መቁረጫ ማሽን «ዝዝዝ» ሲል ካልሰማ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ለዚሁ ሲባል አንድ አሮጌ ማሽን ለጉዞው ተመድቧል። ቻርጅ ማድረጉ የሽቦ ሥራ ነበር።

እህቷ ማሽኑን ከፈተችው። ጭጭ።

«ቻርጅ አድርጌዋለሁ አላልሽኝም?»

«አድርጌው ነበር እኮ እትዬ… ተበላሽቶ ይሆናል።»

ውሸት! ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ያደረው የራሷ ስልክ ነው። እሱም ቢሆን ከከተማ ከወጡ ወዲህ ኔትወርክ ስለሌለ የማሽን ድምፅ እንኳ ፈልጎ ማጫወት አልቻለም።

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ አስተጋባ፦ «ረዳት! እኛም ሰው ነን እኮ! ቀጣዩ ከተማ ላይ ይውረዱልን!»

ሌሎችም አጉረመረሙ። ረዳቱ ራሱን እያከከ መጣ። «እናት፣ ካላባበልሽው ላወርድሽ ነው። ምን ላድርግ፤ ሰዉ አስቸገረኝ።»

እህቷ ከንፈሯን ነክሳ ሻንጣዎቹን ከወንበሩ ሥር መሰብሰብ ጀመረች።

ሽቦ መፍትሔውን ታውቃለች። ቤት መብራት ሲጠፋ ማሙሽን የምታስተኛው በአፏ «ዝዝዝ» እያለች ነው። ግን እዚህ? ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ለግጥሚያ የሚሄዱት የትምህርት ቤቷ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው! እስክታገባ ድረስ ሙድ ይይዙባታል።

ማሙሽን ከእህቷ ተቀበለችና አፏን ጆሮው ሥር አደረገች።

«ዝዝዝዝ…»

«ኧረ ሽቦ ኮረንቲ ሆነች!» አለ በረኛው። ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ።

ፊቷ ጋለ፤ ግን አላቆመችም። ማሽኑ ከማጅራት ወደ ጆሮ ሲዞር እንደሚያደርገው ድምፁን አቀጠነችው። የማሙሽ ዓይኖች ከበዱ፤ ተከደኑ። በረኛውም ሳቁን ረስቶ አፋሸከ። «እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ፣ ልጅቷ!»

«እትዬ» አለች ሽቦ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ማሽኑ አልተበላሸም። ስልኬን ሰክቼ ነው።»

እህቷ ገላመጠቻት። «ለጊዜው ዝዝ በይ። ቤት እንነጋገራለን።»

አውቶቡሱ ወደ ከተማው ሲቃረብ ያ ወፍራም ድምፅ እንደገና ጮኸ፦ «ደረስን እኮ! አይወርዱም እንዴ?»

ማሙሽ ተወራጨ። ሽቦ ለእናቱ አቀበለቻትና ወንበሯ ላይ ወጥታ ወደ ኋላ ዞረች። በንዴት፣ ግን በሹክሹክታ ተናገረች።

«ይውረዱ የሚሉት ሰውዬ! ከሰው ጀርባ ተደብቀው አይጩኹ። ልጁ ተኝቷል፤ አሁን የሚረብሹን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ማን ይውረድ? ይነሱና ሕዝቡ ፊት ይመልሱ፤ ብቻ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው!»