ከግሩፑ የወጡት ሰዎች ማንኪራ ጫካ ውስጥ

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥርና ቀን የሌለውን ወረቀት እንዳልተጻፈ ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ ስለዚህ ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ዛፍ በስሜ ጠራኝ የሚል ሲያጋጥመኝ «ማመልከቻህን በጽሑፍ አቅርብ» ብዬ ነው የምሸኘው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ ነገር አለ ስትለኝ ድመት ነው አልኳት፣ እነሱ ድመት የላቸውም ስትለኝ እንግዲያው የሌላ ሰው ድመት ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ። ይህን ቀድሜ የምነግርህ በኋላ «መኮንንም ጃጀ» እንዳትለኝ ነው። ምስክር የለኝም፣ ማስረጃ ግን አለኝ፣ ማስረጃውን ደግሞ ለሰው ማሰማት አልችልም፣ ለምን እንደማልችል ስትሰማ ይገባሃል።

ነገሩ የጀመረው በወፍ ነው። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ስልክና ቻርጀር የሚሸጥ ሰዒድ የሚባል ነጋዴ አለ፣ አባቱ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እኔ ከቢሮ ስወጣ ሱቁ ደፍ ላይ ቆሜ ሳላወራ ቤቴ አልገባም። አንድ ቀን ከሱቁ ጀርባ የቀዳውን የወፍ ድምፅ አሰምቶኝ «ጋሽ መኮንን፣ ይቺ ምንድናት?» ሲለኝ፣ ምን እንደሆነች ጨርሶ ሳላውቅ በሙሉ ልብ «ዋኔ ናት» አልኩት። ካርድ ሊገዙ የመጡ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የማንኪራ ንብ አናቢ ከኋላችን ቆመው ነበር፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝና «ሶረን ናት። ዋኔ እንዲህ ብትጮህ ጉሮሮዋ ይቀደዳል» አሉ።

በዚያ ሳቅ ነው የስልክ ግሩፑ የተከፈተው፣ ስሙን «ወፍ ሰሚዎች» አልነው፣ አሥራ አራት ነበርን። ጠዋት አንድ ሰው አሥራ አምስት ሰከንድ የወፍ ድምፅ ይልካል፣ ሌሎቻችን በድምፅ እንገምታለን፣ እንከራከራለን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴ ይፈርዳሉ፣ ሽልማት የለም፣ ስብሰባ የለም፣ መዋጮ እንኳ የለም፣ እመነኝ፣ መዋጮ የሌለው ማኅበር እኔ ሌላ አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን በትክክል ገምቼ አላውቅም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የምነሳው ለእሱ ነበር።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ዛሬ ነው የምለው፣ ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ አሳደግኩት ነበር የምልህ። ሰዒድ «ጋሼ፣ እርስዎ ሥርዓት ያውቃሉ፣ አስተዳዳሪ ይሁኑልን» አለኝ፣ እኔም ሆንኩ። አንዲት የቢሮ ባልደረባዬን አስገባሁ፣ እሷን አስገብቶ የቅርብ ኃላፊዋን መተው ነውር ሆነብኝ፣ ኃላፊዋን አስገብቶ የእሱን አለቃ መተው ከነውርም በላይ ነው፣ አለቃውን አስገብቶ ሾፌሩን መተው ደግሞ ንቀት ነው፣ እንዲህ እያልኩ ብዙም ሳይቆይ መቶ ሰማንያ ገባን። ከነዚህ ሁሉ ወፍ የሚወደው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ይመስለኛል፣ እሱም ቆቅ፣ እሱም ተጠብሳ።

ሰው ሲበዛ ደንብ ያስፈልጋል፣ አወጣሁ። ማንም አባል «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ድምፅ አይልክም፣ ሰላምታ የቀረበለት ሁሉ ይመልሳል፣ ሦስት ቀን ያልመለሰ ስሙ ይጠራል። አስበው እንግዲህ፣ መቶ ሰማንያ ሰው እንደምን አደራችሁ ሲል፣ መቶ ሰማንያው እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሲመልስ፣ መሐል ላይ አንዱ የሚሸጥ ሶፋ፣ አንዱ የጠፋች ጊደር፣ አንዱ ለሃያ ሰው ካላስተላለፋችሁ መቅሰፍት የሚል ነገር ሲለጥፍ፣ ንጋት ላይ የተላከችውን ወፍ ፈልገህ ስታገኛት ምሳ ደርሷል። እኔ ግን ቁጥሩን እያየሁ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ከዚያ መውጣት ጀመሩ። የሚያናድደኝ ደግሞ የሚወጡት ሶፋ ሻጮቹ አይደሉም፣ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሺሺንዳ የምታስተምረው መምህርት ወጣች፣ ዋጫ ያለው መካኒክ ወጣ፣ ሰዒድ ራሱ ወጣ፣ እያንዳንዱ በሰላም የሄደ ሰው ሳይሆን በር የዘጋብኝ ነበር የሚመስለኝ። ምን አደረግሁ መሰለህ፣ ለያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥቼ «ከግሩፑ የወጡበትን ምክንያት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቁ» የሚል ደብዳቤ ላክሁ።

መልስስ መጣ፣ ግን ይሉኝታ የጻፈው መልስ ነው። መምህርቷ ልጄ ስልኬን ነካክቶብኝ ነው አለች፣ መካኒኩ ስልኬ ዘይት ውስጥ ወድቆ ነው አለ፣ ሰዒድማ ስልክ የለኝም አለኝ፣ ሠላሳ ስልክ የተደረደረበት መስታወት ላይ ተደግፎ ነው የሚያወራኝ! «ሰላምታህ ሰለቸን» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፣ እሰድብ ነበር፣ ምናልባትም ይገባኝ ነበር። ማንም አላለም፣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይልህም።

ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ ወጡ፣ ሰበብ እንኳ ሳይሰጡ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ አመመኝ። እሳቸው ፈራጃችን ብቻ አልነበሩም፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሲስቁብኝ የማልቀየማቸው ብቸኛ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ስልካቸው አይሠራም፣ ከሁለት የገበያ ቀናት በአንዱም አልመጡም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሞተር ተከራይቼ፣ ግሩፑን ብዘጋውም ልዝጋው፣ እሳቸውን ግን ሳልመልስ አልመጣም ብዬ ማንኪራ ወረድኩ።

ሞተሩ ጭቃው ጋ ሲደርስ እምቢ አለ፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ የቡናውን ቁመት ያህል ወርዷል፣ ከቅጠሉ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ጨለማ ነበር እንዳትለኝ። ትን አለ። የመልእክት ድምፅ ነው፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የሚባል የለም። ትን አለ ደግሞ፣ የመጣው ከላይ ከዛፍ ነው። አንድ ሰው ስልኩ ወድቆበታል አልኩ፣ ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ስልክ ወደ ላይ እንደማይወድቅ ያሰብኩት።

ከዚያ የሰዒድን ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ፣ አልሞተም ሰዒድ፣ ጠዋት ራሴ ሱቁን ሲከፍት አይቼዋለሁ! «ሶረን ናት! ሶረን ካልሆነች ሱቄን ውሰዱ!» ይላል፣ ከጉሙ ማዶ፣ ሃያ እርምጃ አይሆንም። መምህርቷ ደግሞ «ያንተን ሱቅ ማን ይፈልገዋል፣ ቆቅ ናት» ትለዋለች፣ መካኒኩ ከመናገሩ በፊት እንደሚያደርገው ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ያደርጋል። ያን ጊዜ አልፈራሁም፣ ተናደድኩ። ለካስ ከእኔ ተደብቀው እዚህ ይሰበሰባሉ፣ ለካስ ጋሽ ወልዴ ቤት አዲስ ማኅበር አቁመዋል አልኩና ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው በቡናው መሐል ገባሁ።

ገብቼስ ምን አልኩ? ሰው ነኝ፣ ያደግኩት በሥርዓት ነው፣ «እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ። ጸጥ። ሰዎቹ ብቻ አይደሉም፣ ጠብታውም፣ ትንኙም፣ ሁሉም በአንዴ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ራቅ ብሎ ጨዋታው እንደገና ተጀመረ፣ ተከተልኩና አሁንም «እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ፣ አሁንም ጸጥ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ፣ በሦስተኛው የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰላምታው ሌላውን የሚያባርርበት ሰው ካለ፣ እመነኝ፣ ከጅብ በላይ ብቸኛ ነው።

ዝም ስል መጡ። አላየኋቸውም፣ ከፊቴ ጉምና ቅጠል ብቻ ነው፣ ግን ዙሪያዬን ከበቡኝ፣ አንዱ ይገምታል፣ አንዱ ይሟገታል፣ እኔ በአፌ መሐረብ ጎርሼ እሰማለሁ። መሐላቸው አንድ ሰው ነበር፣ «ዋኔ ናት!» ብሎ ሁሉም ሲያውካካበት እሱ ከሁሉ በላይ የሚስቅ፣ ሲስቅ ትንፋሹ እስኪያጥረው የሚስቅ፣ እንዴት ያለ የተባረከ ሰው ነው አልኩ፣ ቀናሁበት። ከዚያ አወቅሁት። እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያ ነበር የምስቀው፣ መቼ እንደተውኩት አላስታውስም፣ ማንም «መኮንን ወጥቷል» ብሎ አልለጠፈም። እዚያ ግንድ ላይ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል።

ጋሽ ወልዴ ቤት የደረስኩት ጭቃ በጭቃ ሆኜ ነው፣ ብቻቸውን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቀፎ ልጥ ያዘጋጃሉ፣ ማኅበር የለም፣ ሰዒድ የለም። ቆጮና ማር አቀረቡልኝ፣ ሳልበላ እንዳልናገር ከለከሉኝ፣ በላሁና ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምን በደልኩዎት? ለምን ወጡ?»

ቀኝ እጃቸውን ገልጠው አሳዩኝ። «ዛፍ ላይ ነበርኩ። ቀፎ ጋ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እላይ ኔትወርክ ይይዛል። ትን፣ ትን፣ ትን፣ አያቆምም። ንቦቹ ተቆጡ። አሥራ አንድ ቦታ ነደፉኝ።» ትንሽ አሰቡና «ሰላምታህ ነው የነደፈኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሽማግሌ ሰው ሰላም አትበሉኝ ይላል እንዴ?»

ሳቅሁ፣ ሳቁ፣ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ደንቡን እንደምሰርዝ፣ አስተዳዳሪነቱንም ለሰዒድ እንደማስረክብ ማልኩላቸው። ልቤ ቀለል ሲለኝ ነው ቅጂው ትዝ ያለኝ፣ ጫካው ውስጥ የሆነውን ሳልነግራቸው፣ እስቲ ይስሙት ብዬ ከፈትኩት። ሁሉም አለ፣ ሰዒድ አለ፣ ሱቁም አለ፣ ሳሉም አለ፣ ቃል በቃል። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ ሰዒድ ሲናገር «ሶረን» አሉ። መምህርቷ ስትናገር «ይቺ ቆቅ ናት፣ እናት ናት» አሉ። መካኒኩ ሲስል «እርኩም» አሉ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፣ ፊታቸው ላይ የዚህ ዓይነት ነገር የለም፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚፈርዱት አድርገው ነው የሚፈርዱት።

የኔ ሳቅ ሲመጣ ዓይናቸውን ገለጡ። ደግመህ አሰማኝ አሉ፣ ደገምኩ፣ አሁንም ደግመህ አሉ፣ በቋንቋቸው በካፊኖኖ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉና ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ሰባ ዓመት እዚህ ጫካ ኖርኩ። ይቺን አላውቃትም።»

ያ እንግዲህ ማስረጃዬ ነው፣ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ቢሮ ለማንም አላሰማሁም፣ ወፍ ብቻ ቢሰሙ ቅዠታም ሊሉኝ ነው፣ ሰው ቢሰሙ ደግሞ ምን ልበላቸው? ደንቡን በማግስቱ ሰረዝኩ፣ ግሩፑን ለሰዒድ አስረከብኩ፣ እሱም ሶፋውንም ጊደሯንም አለቃዬንም ጠርጎ አወጣ፣ አለቃዬ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። መምህርቷ ተመለሰች፣ መካኒኩ ስልኩን ከዘይት አወጣ፣ ጋሽ ወልዴም ተመለሱ። በተመለሱ በመጀመሪያው ጠዋት የላኩት አሥራ አምስት ሰከንድ ያንኑ ሳቅ ነው፣ ከእኔ ስልክ አይደለም፣ ራሳቸው ደጃፋቸው ላይ ሆነው የቀዱት። የዚያን ቀን ማንም አልገመተም፣ ሰዒድ ብቻ ደውሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ንጋት ላይ የት ነበሩ?» አለኝ፣ አልጋዬ ላይ አልኩት፣ እሺ ብሎ ዘጋው።

እኔ አሁንም እገምታለሁ፣ አሁንም እሳሳታለሁ፣ ለመሳቅም እሞክራለሁ፣ ግን ያ ሳቅ አይመጣልኝም፣ ባለቤቴ ጉንፋን ነው ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወልዴ ደወሉልኝና ያቺ የምትስቀው ወፍ ከጫካው ወጥታ ደጃፋቸው ካለው ዛፍ ላይ ማደር ጀምራለች አሉኝ። ብርዱን እንዴት ችላው ይሆን ብዬ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ናት፣ መኮንን» አሉኝ። «ካንተ ይልቅ እሷ ደህና ናት።»