ከቀዩ ጨርቅ በታች

የፍየሎቹ መጋቢ የጣዲቻ ጭንቅላት በበረቱ የብረት መቀርቀሪያ ተፈልጦ፣ ፊቱ የፍየል በጠጥ ውስጥ ተቀብሯል። ሁለት ነጭ ፍየሎች ለጨው ብለው ደሙን ይልሳሉ።

ኢንስፔክተር ወለተሐና ፍየሎቹን ገፋ አድርጋ ተንበረከከች። ከነገሌ ወጣ ብሎ ካለው ከዚህ የምርምር በረት ውጭ፣ የሟቹ ዘመዶች የፍየሎቹን ጠባቂ ዶዮን ይዘው ጥርሱን አርግፈውታል። ገዳዩን ካልነገረቻቸው በሕይወት አያድርም።

«ትናንት ከጣዲቻ ጋር ተጣልታችኋል?» አለች ዶዮን።

«ከብቶቼን ስላባረረብኝ ነው፣ አዴ። ዋቃ ያውቃል፣ አልገደልኩትም።»

የጥናቱ መሪ ዶክተር ናሆም እጆቹን ኪሱ እንደከተተ ጣልቃ ገባ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ዶዮ ዛተ፣ ጣዲቻ ሞተ። ነገ የፍየሎቹን ደም የሚመረምሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ቶሎ ይጨርሱልን።»

«ምን ሊያገኙ?»

«የማወፈሪያ መድኃኒቴን። ጣዲቻ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ለታሰረላቸው መድኃኒቱን፣ ለሰማያዊዎቹ ውሃ ብቻ ያጠጣ ነበር። ቀዮቹ እንዴት እንደወፈሩ አይታይዎትም?»

ለወለተሐና ሁሉም እኩል የከሱ ነበሩ።

መድኃኒቱን ልትሸጥ የተዋዋለችው ባለሱቅ ሙኒራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጨርቁ ካንቺ ሱቅ ነው?»

«አዎ። ርካሽ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል ብዬው ነበር። ጣዲቻ ‹ፍየል ሙሽራ አይደለችም› ብሎ ሳቀብኝ።»

ወለተሐና ሰዎቹን ሁሉ በረቱ ውስጥ ሰበሰበች። ቀይ ከታሰረላቸው አንዷን ይዛ ጨርቁን ፈታች። ነጩ አንገት ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊ የታሰረላትን ፈታች፤ አንገቷ ቀልቷል።

«ጨርቆቹ ከትናንቱ ዝናብ በኋላ ተለዋውጠዋል። ቋጠሮው ላይ ደም አለ፤ የለዋወጣቸው ገዳዩ ነው። ለምን? ነገ መድኃኒቱ ቀይ ካሰሩት ደም ውስጥ እንዲገኝ። እስከ ትናንት የነበረው በሰማያዊዎቹ ደም ውስጥ ነዋ። ጣዲቻ ዶክተሩ ማየት የሚፈልጉትን ብቻ እንደሚያዩ ጠርጥሮ፣ አውቆ አገላብጦ አጠጣቸው። እሳቸው ግን ቀዮቹ ወፈሩ አሉ። ይህን ሲነግራቸው መቱት።»

«ሙኒራስ? መድኃኒቱ ለእሷም ጥቅሟ ነው» አለ ናሆም።

«ሙኒራ ቀለሙ እንደሚለቅ ታውቃለች። ዶዮ በየቀኑ አንገታቸውን ይዳብሳል። ገዳዩ ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ አንገቱን ሳያጥብ አይሄድም ነበር። እንዲህ የሚስተው ጨርቁን እንጂ ፍየሏን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። እጅዎን ያውጡ።»

አወጣ። ጥፍሮቹ ሥር ደም ደርቋል።

ዘመዶቹ ዶዮን ለቀው ተንጋጉ። ወለተሐናና ፖሊሶቿ መሀል ገቡ፤ ቢሆንም አንድ ድንጋይ አልፎ የናሆምን ግንባር ተረተረው። ደሙ ዓይኑን እየሸፈነው ወደ ፍየሎቹ አፈጠጠ።

«ወፍረው ነበር» አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ።»