ሰዓቱን የሞላው ምሳ

ልጆቼ፣ ፍቅር በአረንጓዴ ውሃ ተጀመረ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፤ ግን ጨርሼ ልንገራችሁ።

የወንድሜ የይስማው ልጅ ወንጌል ገንዳ ውሃ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። በሁለት ሺህ አራት ሰኔ፣ አንድ ማለዳ፣ ከእርሻችን ኩሬ አረንጓዴውን ውሃ በብልቃጥ ስትቀዳ አለበል ደረሰ። የሰው ትራክተር ነጂ ነው። የቆላው ቀን ስለሚጋረፍ ሌሊት እያረሰ ቀን ይተኛል።

«ራዲያተርሽ ፈላ እንዴ?» አላት።

«ሰዓት ያለው ባክቴሪያ ልይዝ ነው።»

«የእጅ ነው የግድግዳ?»

ሳቀች። «ጨለማ ውስጥ ብትዘጋባቸው እንኳ መንጋቱን ያውቃሉ።»

«ዓይን አላቸው?»

«የላቸውም። ፀሐይ ጉልበታቸው ናት። ቀን ድንገት ቢጨልምባቸው ጉልበታቸው ይጎድላል፤ ሰዓታቸው ያን ጉድለት ሰምቶ ‹መሽቷል ማለት ነው› ይላል። እንዲያ እያለ ይስተካከላል።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ኩሬው ዳር ሁለቱም አይጠፉም።

አለበል ሽማግሌ ላከ። ይስማው ግን፣ «ቀን የሚተኛ ባል? ልጄ ሌሊት ብቻዋን ልታድር፣ ቀን ሬሳ ስትጠብቅ ልትውል?» ብሎ መለሳቸው። ወንጌል አባቷን ጥሳ አትሄድ ነገር፣ አለበልን ትታ አትኖር ነገር፤ ከሳች።

የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ ከዘገየ ይረግፋልና እጅ አይመረጥም፤ አለበልም ማጭድ ይዞ ከይስማው አጫጆች ተቀላቀለ። ምን ያደርጋል፣ ገና ፀሐይዋ ስትከር የነዶ ክምሩን ተደግፎ ቆሞ አንቀላፋ!

«ይኸውላችሁ አማቼ!» አለ ይስማው። አጫጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ወንጌል ማታ ወደኔ መጣች። «አክስቴ፣ የሌሊት እርሻው ቢያበቃም ዛሬም ሌሊት ነው የሚበላው። የሰውም ገላ ሰዓት አለው፤ ምግብ ሲገባ ‹ቀን ነው› ይላል። ቀን ከሰዎቹ ጋር ይብላ፤ ሌሊት አፉን ይዝጋ።»

በማግስቱ በአገልግል ምሳ ይዤለት ሄድሁ።

«እትዬ፣ እንቅልፍ እንጂ ረሃብ የለብኝም» አለኝ።

«ብላ! ባክቴሪያ እንኳ ይታዘዛል!»

በላ። በየቀኑ በላ። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይወድቅ ነበር፤ ኋላ ማዛጋት ብቻ ቀረ።

አንድ ንጋት ይስማው አጫጆቹን ሊቀሰቅስ እኔን አስከትሎ ሲወርድ፣ አለበል ብቻውን እያንጎራጎረ ማጭዱን ይስላል።

«ማን ቀሰቀሰህ?»

«ማንም፣ ጋሼ። ራሴው ነቃሁ።»

የይስማው ዓይን ትናንት ዛፉ ላይ የሰቀልሁት አገልግል ላይ አረፈ፤ የገዛ ቤቱ አገልግል ነው! ወደኔ ዞረ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጣልሁ።

«ለካ በእኔው እንጀራ ነው የዚህ ሰው ሰዓት የተሞላው!» አለና ሳቁ ፈነዳ። «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ! ቀን የሚነዳ ትራክተር እኔም አለኝ!»

የዚያን ቀን ምሳውን ወንጌል ራሷ አመጣች። ባባቷ ፊት፣ ባጫጆቹ ፊት ጠቅልላ አጎረሰችው። እልልታው እርሻውን ሞላው።

«እንዳትተኛ ብዬ ነው» አለችው፣ አንገቷን ሰብራ።

አለበል ከዓይኗ ዓይኑን አልነቀለም። «ነቅቻለሁ» አላት።