የገመድ ፋብሪካው ሥዕል

«ያንን ደብዳቤ የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው» አሉ ቶርስታይን ብሩሻቸውን ከሸራው ሳያነሱ። «አንድ ትርፍ ቃል እንኳ የለበትም። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።»

ሶልቫይ የአያቷን የቀለም ሣጥን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፊታቸው የተዘረጋውን አሮጌ የገመድ ፋብሪካ ታያለች። ቀይ ቀለሙ የተላላጠ፣ እንደ ባቡር የረዘመ የእንጨት ቤት ነው። ድሮ የከተማው መርከቦች ገመድ ሁሉ እዚያ ይሠራ ነበር። አሁን አጠገቡ ሁለት ኤክስካቫተሮች ቆመዋል። ሰኞ ይፈርሳል።

ቶርስታይን በዚህች የኖርዌይ የወደብ ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ አሮጌ ቤቶችን ሲስሉ ኖረዋል። የመስኮት ማጠፊያ እንኳ አያልፋቸውም። ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ካለ ሥዕሉን በብብታቸው ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሄዳሉ፤ ይለምናሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ በር ላይ ቁጭ ይላሉ። ሠራተኞቹ «ሽማግሌው መጡ፣ ተደበቁ» ይባባላሉ። እንዲህ እያሉ ሦስት ቤቶች አትርፈዋል።

ይሄኛውም ሊተርፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ግን የከተማው ምክር ቤት ሊወስን በተሰበሰበበት ዕለት ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በፋብሪካው ቦታ የስፖርት አዳራሽ ይሠራልን ይላሉ። «ይህ ቤት የሚያገለግለው አይጦችን ብቻ ነው» የሚለው ሲነበብ ምክር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ድምፅ ተሰጠ፤ አለቀ።

ደብዳቤውን የጻፈችው ሶልቫይ ነበረች። መምህሯ «ካንቺ የተሻለ ማን ይጽፋል?» ሲሏት ደስ ብሏት በአንድ ማታ ጨረሰችው። አያቷን ያኔ አላሰበቻቸውም። ጓደኛዋ ማርቴ ዝም በይ ብላ መክራታለች፤ እሳቸው በምን ያውቃሉ?

«አያቴ» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ብሩሹ ቆመ።

«የአይጡንም?»

«የአይጡንም።»

ቶርስታይን አልተቆጡም። ብሩሻቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ከደኑ። ሣጥኑን ልትሸከምላቸው ስትነሳ «ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አሉና ቀድመዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ድንች ያቀብሏታል፤ ስለ ትምህርቷም ይጠይቋታል። ግን ለሥዕል ውጪ እንሂድ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። እሳቸውም መሳል ተዉ። ማዘጋጃ ቤቱ ያንን በጅምር የቀረ ሥዕል ለአዲሱ አዳራሽ ሲጠይቃቸው ሳይጨቃጨቁ ሰጡ።

አዳራሹ በዓመቱ ተመረቀ። ርዕሰ መምህሯ የሥዕሉን መሸፈኛ እንድትገልጥ ሶልቫይን መረጧት፤ የሠዓሊው የልጅ ልጅ ስትገልጠው ፎቶው ለጋዜጣ ያምራል አሉ። አያቷ ግን ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቀሩ።

እንግዶቹ ሳይመጡ ገብታ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጋ አየች። የሥዕሉ ግማሽ ባዶ ሸራ ነው። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «ታሪካዊው የገመድ ፋብሪካ፤ በእርጅና ምክንያት ፈረሰ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ነይ እንጂ፣ አንድ ዙር እንጫወት» አለች ማርቴ ከወዲያ ኳስ እያነጠረች። «ምን ፈዘሽ ቀረሽ?»

ሶልቫይ ለእንግዶች መፈረሚያ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡት እስክሪብቶዎች አንዱን አነሳች። «በእርጅና ምክንያት ፈረሰ» የሚለውን ሰረዘችው። ከሥሩ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ «አፈረስነው» ብላ ጻፈች።

ከዚያ መሸፈኛውን ወደ ቦታው መልሳ፣ ጫፉን ይዛ እንግዶቹን ትጠብቅ ጀመር።