የሻምራ የድንጋይ ደወል

እሳት በሚመለክባት በታላቋ ሻምራ፣ የጥቂቶቹ ክርስቲያኖች የድንጋይ ደወል በጠፋ ዕለት የቤተ መንግሥቱ ነበልባል ያለ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አጎነበሰ። ጠቢባኑ መጥፎ ምልክት ነው አሉ። የእሳቱ ሊቀ ካህናት ዛርሞን ግን ዝም አለ፤ ደወሉን ያሰረቀው እርሱ ራሱ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንቱ ንጉሥ ቀርመስ ለክርስቲያኖቹ «ደወላችሁ በምድሬ እስከተሰማ ድረስ በሃይማኖታችሁ ማንም አይንካችሁ» ብሎ ምሎላቸው ነበር። በሻምራ የንጉሥ መሐላ አይሻርም። መሐላውን መሻር ካልተቻለ ደወሉን ዝም ማሰኘት ነዋ። ብዙም ሳይቆይ ቄስ አብሳዲ ሲቀድሱ ተያዙና «ያለ ፈቃድ በመጸለይ» ተከሰሱ። ቅጣቱ ሞት ነው። ትልቁ ዳኛ፣ አፈ ንጉሡ፣ ፍርዱን ጨረቃ እስክትሞላ ቀጠረው።

የቄሱ ልጅ ሣህሊቱ በወኅኒው ደጅ ተቀምጣ ሳለ ዶርቃን የሚባል ወታደር ቀረባት። እሳት አምላኪ ነው፣ የእሳት አምላኪም ልጅ።

«ዛርሞን አዝዞን ደወሉን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ» አላት። «የጣልነው ጎልቦ ከሚባለው ዘንዶ ረግረግ ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ፈልገህ መጣህ?»

«አባትሽ በእኔ ትከሻ ሊሞቱ ነው። እምነታችሁ አይገባኝም፤ ልማረውም አልፈልግም። መንገዱን ግን ዐውቀዋለሁ።»

ሣህሊቱ ጠላችው። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በቅሎዋን ጭና ተከተለችው።

የሰው ጥላ የሚበላውን የጨው ሜዳ ጥላ በሚያጥርበት በቀትር ተሻገሩ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ክርክር አልጠፋም።

«አምላክህ በዝናብ ቀን ምን ይሆናል?» አለችው።

«የእናንተስ የገደሉት ቀን ምን ሆነ?»

«ተነሣ።»

«የእኛም ተመልሶ ይነዳል» አለ ዶርቃን። ሣህሊቱ ሳትወድ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ጥላቻዋን ፈልጋ አጣችው።

ረግረጉ ዳር ሲደርሱ ጎልቦ እንደ ወደቀ ጎተራ ተጋድሞ ተኝቷል። ዕውር ነው፤ ጆሮው ግን የጉንዳን ኮቴ ይሰማል። ደወሉ ከጎኑ ጭቃ ውስጥ ነበር።

«ቀስ ብለሽ አንሺው» አለ ዶርቃን በሹክሹክታ።

የሣህሊቱ እጅ ቆመ። በክርስቲያኖቹ ካህናት ሥርዓት ደወል ሳይመታ ከመሬት አይነሣም። ሳይመታ የተነሣ ደወል እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል፤ ለጸሎትም አይሆንም።

«አስቀድሞ መመታት አለበት። ያለዚያ አባቴ አይቀበሉትም።»

ዶርቃን እብድ እንደሚያይ አያት። ቀጥሎም ሰይፉን መዘዘ። «እኛም እሳቱን ሳንሰግድለት አንቆሰቁሰውም። ምቺውና ጭነሽ ሂጂ፤ ወደ ኋላ አትዪ።»

መታችው። አብሯት የሚሸሽ መስሏት ነበር። እርሱ ግን ጋሻውን እየደበደበ ወደ ረግረጉ መሐል ሮጠ፤ ዘንዶውም ድምፁን ተከተለ። የጋሻው ድምፅ ሲቋረጥ ሣህሊቱ ምክሩን ጥላ ተመለሰች። ጎልቦ ጆሮው ውስጥ ሰይፍ ተሰክቶ ሞቷል። ዶርቃንም ከሥሩ ተጨፍልቆ ሞቶ ነበር። ያንን ምት በመምታቷ ራሷን ረገመች፤ አስከሬኑንና ደወሉን በአንድ በቅሎ ጭና እርሷ በእግሯ ተመለሰች።

በችሎቱ ሣህሊቱ ዶርቃን የነገራትን ተናገረች፤ ዛርሞን ግን «ድንጋይ የትም ሞልቷል፤ ይህ ያ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?» ሲል ተከራከረ። አፈ ንጉሡ ደወሉ እንዲመታ አዘዘና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«በልጅነቴ ጎህ ሳይቀድ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር» አለ። «ጠልቼው አድጌአለሁ። እርሱው ነው። የቀርመስ መሐላ ጸንቷል፤ ቄሱ ይፈቱ። ዛርሞን በትረ ክህነቱን ያስረክብ።»

ቄስ አብሳዲ ሰንሰለታቸው እንደወለቀ የደወሉን መምቻ አንስተው ለዶርቃን ሊመቱለት ተዘጋጁ። ይህኔ የዶርቃን እናት ሺርና ሕዝቡን ከፍላ መጣች።

«ቄስ፣ ልጄ ስለ እናንተ ሞተ። የምሸኘው ግን በእኛ ሕግ፣ በእሳት ነው። ደወላችሁን አትምቱለት፤ ስሙንም በጸሎታችሁ አትጥሩት። የእናንተ አልነበረም።»

ቄሱ መምቻውን መሬት አስቀመጡ። «እሺ እሜቴ።»

«አባቴ፣ ነጻ በወጣንበት ቀን እንኳ አይመቱለትም?» አለች ሣህሊቱ እያለቀሰች።

«አትጸልይ ሲሉኝ እንዴት እንደሚያም አይቻለሁ፣ ልጄ። እኔ ደግሞ እርሳቸው ሳይወዱ ለልጃቸው ልጸልይ አልልም።» ወደ ሺርና ዞሩ። «ለእሳቱ እንጨት መሸከምስ ይፈቀድልናል?»

 «እንጨት እንጨት ነው» አለች ሺርና።

ክርስቲያኖቹ ተሸከሙ። ሣህሊቱ ባዕድ ከማያልፍበት፣ አስከሬኑ ካረፈበት ክምር ዳር ስትደርስ ሸክሟን አውርዳ ቆመች። ሺርና መጥታ እንጨቱን በገዛ እጇ አነሣችና ከልጇ ራስጌ ደረደረችው። ያን ምሽት ደወሉ አልተመታም።